በቪቶሚር ቤት ጫማ አይወልቅም

[ቻቻክ ከተማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ቪቶሚር ከሚስቱ ወንድም ከራዶይኮ ጋር ሳሎኑ በር ላይ ቆሟል። ሁለቱም በካልሲ ናቸው፤ ሰሞኑን ሙሉ ተንበርክከው ጣውላ ሲያጋጥሙና በግድግዳው ግርጌ ዞኮሎ ሲመቱ ሰንብተው ወለሉ ገና ትናንት ነው ያለቀው። ነጭ የጥድ ጣውላ ነው። ማማሩን ያምራል፤ ግን በጥፍር ቢነኩት ይሰረጉዳል። የቪቶሚር ሚስት ሩዢትሳ «ጠንካራ ፓርኬ ይሁን» ብላ ለምና ነበር። እሱ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ምክር ሰምቶ አያውቅም። «እንግዲያው አንዲት ጭረት ባይ አስነቅዬ ሴራሚክ ነው የማስነጥፍበት» ብላው ወጥ ቤት ገብታለች፤ ሩዢትሳ ካለች አለች ነው። ዛሬ የልጃቸው የያስና እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣሉ።]

ራዶይኮ፦ እኔማ የምልህ፣ «ጫማችሁን አውልቁ» በላቸውና ተገላገል ነው።

ቪቶሚር፦ ነውር ነው። እንግዳ «አውልቅ» አይባልም። «አያውልቁ» ነው የሚባለው።

ራዶይኮ፦ እንዲያወልቁ አይደል እንዴ የምትፈልገው?

ቪቶሚር፦ እንዴታ።

ራዶይኮ፦ ስለዚህ «አያውልቁ» ትላቸዋለህ።

ቪቶሚር፦ አሁን ገባህ።

ራዶይኮ፦ ኧረ አልገባኝም፣ ጋሼ።

ቪቶሚር፦ ጸጉርህ እስኪሸሽ እዚህ አገር ኖረህ ይሄ ይጠፋሃል? እኔ «አያውልቁ» እላለሁ። እነሱ «ኧረ በፍጹም» ይላሉ። እኔ እለምናለሁ፣ እነሱ ያወልቃሉ። እኔም ጨዋ፣ እነሱም ጨዋ፣ ወለሉም ደህና። ይሄን የማያውቅ ሰው የለም።

ራዶይኮ፦ ለካ ለዚህ ነው።

ቪቶሚር፦ ምኑ?

ራዶይኮ፦ ሰው ቤት ስገባ የሚያፈጡብኝ።

ቪቶሚር፦ «አያውልቁ» ሲሉህ ሳታወልቅ ነበር የምትገባው?

ራዶይኮ፦ የባለቤቱን ቃል አከብር ነበር።

ቪቶሚር፦ አይ አንተ። የእህትህን መልክ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷንም ትንሽ ብትካፈል ምን ነበረበት?

ራዶይኮ፦ ለመሆኑ ጥዱን ለምን መረጥከው? ሻጩ እንኳ «ይሄ የጣሪያ ነው» ብሎህ ነበር።

ቪቶሚር፦ ሻጭ ምን ያውቃል? እኛ ቤት ጫማ አይገባም፤ ካልሲ ደግሞ ጣውላ አይጭርም። ጠንካራ ወለል የሚነጠፈው ለፈረስ ነው። በል ና እንለማመድ። አንተ እንግዳ ነህ፤ ውጣና አንኳኳ።

[ራዶይኮ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ያንኳኳል።]

ቪቶሚር፦ ማን ልበል?

ራዶይኮ፦ ራዶይኮ ነኝ።

ቪቶሚር፦ እንግዳ ነህ አልኩህ እኮ።

ራዶይኮ፦ እንግዳው ራዶይኮ። ቤት ለእምቦሳ።

ቪቶሚር፦ [እየከፈተ] እምቦሳ እሰሩ። ኧረ አያውልቁ፣ በሞቴ አያውልቁ።

ራዶይኮ፦ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። [ይገባል።]

ቪቶሚር፦ [ደረቱ ላይ እጁን አሳርፎ] ወዴት ነው?

ራዶይኮ፦ አያውልቁ አልከኝ።

ቪቶሚር፦ ስልህ ታወልቃለህ።

ራዶይኮ፦ በሞቴ አልክ እኮ። ሞትህን ጠርተህ እየለመንከኝ ላውልቅብህ?

ቪቶሚር፦ አውልቅ።

ራዶይኮ፦ [እያወለቀ] ይኸው፣ እንዲህ ስትለኝ ይገባኛል።

ቪቶሚር፦ ዋናው ነገር በመጨረሻ የሚያሸንፈው እንግዳው ነው። ገባህ?

ራዶይኮ፦ ገባኝ። አንተ ግን መሸነፍ ትችልበታለህ?

ቪቶሚር፦ ምን ማለትህ ነው?

ራዶይኮ፦ እንዲያው ነው። ሰው ሲረታህ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

[ደወሉ ጮኸ። ቪቶሚር ከፈተ። የእጮኛው እናት ዴሳንካና ባሏ ግቮዝደን ናቸው። ዴሳንካ ያደረገችው ጫማ ተረከዙ እንደ ሚስማር የቀጠነ ነው፤ ቪቶሚር ተረከዙን አየ፣ ወለሉን አየ። ግን አፉን ሳይከፍት ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ማውለቅ ጀመረች። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በሰላም ባለቀ።]

ቪቶሚር፦ ኧረ አያውልቁ፣ እትዬ ዴሳንካ።

ዴሳንካ፦ በፍጹም። አዲስ ወለል አይደል እንዴ?

ቪቶሚር፦ ይሁና። ወለል ለሰው ነው።

ዴሳንካ፦ አይሆንም። እኔ ራሴ ቤቴ በጫማ የገባብኝን ሰው አልረሳም።

ራዶይኮ፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ፣ አወለቁልህ እኮ። በቃህ።

ቪቶሚር፦ [በሹክሹክታ] ቶሎ ከተውኩ የፈለግኩት ይመስላል። [ጮክ ብሎ] በያስና ይዤዎታለሁ፣ እቀየማለሁ።

ዴሳንካ፦ ይቀየሙ። ግቮዝደን፣ ካልሲህን አሳያቸው።

[ግቮዝደን እግሩን አንስቶ አሳየ። ንጹሕ ነው።]

ቪቶሚር፦ እትዬ ዴሳንካ፣ እዚህ ቤት ጫማ አይወልቅም። እኛም ራሳችን አናወልቅም።

ዴሳንካ፦ ታዲያ በካልሲ የቆሙት ምን ሆነው ነው?

[ቪቶሚር ወደ እግሩ አየ። መረታት ደግሞ ለእሱ ከሞት አይተናነስም። ከበሩ ጀርባ እጁ ያገኘውን ቦት ጫማ አንስቶ አጠለቀ፤ የፕለም ፍሬ እርሻው ውስጥ የሚውልበት ነው፣ ሶሉ ላይ ጠጠር ተሰክቷል።]

ራዶይኮ፦ ጋሼ።

ቪቶሚር፦ ዝም በል። ይኸው፣ ይመልከቱ እትዬ። እንዲህ ነው የምንኖረው። [ሳሎኑን አቋርጦ እስከ ጠረጴዛው ሄደ። ተመለሰ። ከእግሩ ስር ቂርር፣ ቂርር ይላል።] ምን ሆነ? ምንም።

ዴሳንካ፦ እሺ፣ ረቱኝ። አንዴ ካወለቅኩ ግን እንዲሁ ልግባ፤ እግሬም ተነፈሰ።

[እንግዶቹ በካልሲያቸው ገብተው ተቀመጡ። ቪቶሚር ረታሁ ብሎ ፊቱ በርቷል። ሩዢትሳ ለእንግዳ የሚቀርበውን ማርማላታና ውሃ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ቆመች። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ደርሶ የሚመለስ ጭረት ነጩ ጣውላ ላይ ተሰምሯል። የዴሳንካን እግር አየች፣ ካልሲ። የግቮዝደንን አየች፣ ካልሲ። የወንድሟን አየች፣ አውራ ጣቱ የወጣ ካልሲ። ቪቶሚር አንዱን ቦት ከሌላው ኋላ ለመደበቅ ይሞክራል።]

ራዶይኮ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ቪቶሚር፦ አሁን አይደለም።

ራዶይኮ፦ እንዳልሳሳት ብዬ ነው። እንግዳን «አውልቅ» ማለት ነውር ነው ብለኸኛል። ባለቤቱንስ?