የዘጠነኛዋ አውታር በግ

እኔ መቁጠር እወዳለሁ። ደረጃ ስወጣ እቆጥራለሁ፤ ሰልፍ ስይዝ ከፊቴ ያለውን ሰው እቆጥራለሁ። ከባዶ የተነሣ ሰው ያለውን ካልቆጠረ ማን ይቆጥርለታል?

በደርግ ጊዜ ሾላ ገበያ አጠገብ ክራርና በገና እሠራ ነበር። ክራሩን ለቀበሌው ኪነት፣ በአደባባይ፤ በገናውን በር ዘግቼ። አስተማሪዬ አንድ አሮጌ በገና ነው። ፈታሁት፣ ለካሁት፣ ቆጠርኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። በዚሁ መሥራት ቻልኩ። መደርደር ግን እስከ ዛሬ አልችልም።

በገና መቼም የሁዳዴ ጓደኛ ነው። አውታሩ ደግሞ የበግ አንጀት። ነገሩን አያችሁት? በግ በማይታረድበት ጊዜ አንጀት ይፈለጋል! ስለዚህ ብልህ ሰው ከጾሙ በፊት አጥቦ፣ ገምዶ፣ ወጥሮ ያደርቃል። እኔም ለጎረቤቴ ለአለቃ ተክሌ አሥር አውታር አጥር ላይ ወጠርኩ። አለቃ ታመው ተኝተዋል፤ የበገናቸው አውታር ተበጣጥሷል። «ይህን ሁዳዴ ሳልደረድር ከሞትኩ እከስሃለሁ» ብለውኛል። የት እንደሚከሱኝ ገብቶኛል።

የጾሙ መግቢያ ሰኞ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ደገምኩ። ዘጠኝ። አጥሩ ሥር አንዲት ድመት አፏን ትልሳለች። ድመት ምን ጾም አላት?

የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት የነበረው የሐጂ ኑሩ ብቻ። የሙስሊም እርድ አንበላም፤ ግን አውታር ይበላል እንዴ? እያልኩ ሄድኩ፤ ለአለቃ በገና እንደሆነም ነገርኳቸው። ሐጂ ሳቁብኝ። «ስንት ዘመን ጎረቤቴ ሆነህ ሥጋዬን አልቀመስክ፤ ዛሬ አንጀት ፍለጋ መጣህ?» አሉና በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ተገምዳ ስትደርቅ ከሌሎቹ ጋር በአለቃ በገና ላይ፣ ዘጠነኛ ቦታ ወጠርኳት። አለቃ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ደረደሩ። ደስታቸው ፊታቸውን አበራው። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ሲጨርሱ ተናዘዝኩ፦ አንዷ የሐጂ በግ ናት አልኳቸው።

«የትኛዋ?»

«ዘጠነኛዋ።»

እስኪያስላቸው ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አንተ ቆጣሪ! እሷማ አትመታም። የጣት ማረፊያ ናት። ባትኖርም እደረድር ነበር!»

ይኼኔ ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። ለካ በርጩማ አውጥተው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። «አለቃ! የኔዋስ ትሰማለች?»

አለቃ ዘጠነኛዋን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እንዴታ ሐጂ! ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት!»

በሁዳዴ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በገና ታቅፈው ዋሹ። እሱን ብቻ አልቆጠርኩባቸውም።