የደጃችን ሣርና የልጄ ሶላር

ገበሬ ሲጠብቅ ነው ዕድሜው የሚያልቀው። ዝናብ ይጠብቃል፤ እሱስ የፈጣሪ ነው፣ አይወቀስም። ማዳበሪያን ግን የሚያስጠብቀን ሰው ነው። በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ ያልመጣ ዩሪያ በኋላ ቢመጣ ምን ዋጋ አለው? ከሠርጉ ማግስት እንደ ደረሰ ሚዜ ነው። ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው ይሉናል። ይሁን።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ምሕረት ለመመረቂያ ሥራዋ ሶላርና የብርጭቆ ዕቃ ተውሳ ቦዲቲ አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጣች።

"አባ፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን ላወጣ ነው" አለችኝ። "ዩሪያ የሚጀምረው ከእሱ ነው። አሁን ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚያወጡት፤ ጭሱ ምድርን ያሞቃል። ከውሃ ካወጣነው ግን ጭስ የለውም፣ እዚሁ አገራችንም ይሠራል።"

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ንግግርም አላበዛም። "እናትሽ ታበስልበታለች?" አልኳት።

"አይ፤ ለምድጃና ለአምፖል ኤሌክትሪኩ ራሱ ይበቃል። ይሄ ኤሌክትሪክ ብቻውን ለማይችለው ነው፤ ለማዳበሪያ፣ ለብረት ፋብሪካ።"

ገባኝ። እኛም የእንሰቱን ጓሮ የምንሠራው በመቆፈሪያ ነው፤ በሬ የሚጠመደው ለራቀው ማሳ ነው። እንሰት መሐል በሬ ያስገባ ሰው አብዷል ይባላል፤ ማሳውን በመቆፈሪያ እጨርሳለሁ ያለም እንዲሁ። የተማሩት በየስብሰባው የሚከራከሩት ይህንን ከሆነ አንድ የወላይታ ገበሬ ይጥሩ።

ችግሩ ቦታው ነበር። ጓሮው የእንሰት ጥላ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው የደጃችን ሣር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንኳን የሶላር ማቆሚያ ብረት ሊተከልበት ዶማም አይነካውም። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ለቅሶ የሚዋለው እዚያ ነው። ልጅቷ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሃይድሮጅኑን ልኬት ካላስረከበች አትመረቅም።

ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ።

ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ ሲያይ እየሮጠ መጣ። "አንተ! የአባታችንን ደጅ ቆፈርከው? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል።"

"ነገ ብትሞት ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ ነው?"

"ልጅቷ እስክትጨርስ አልሞትም።"

አልሄደም። ሶላሩ ሲተከል ቆሞ፣ ከብርጭቆው ውሃ የሚወጣውን አረፋ ሲያይ ዋለ። "ይሄ ስንት ኩንታል ዩሪያ ይወጣዋል?" አላት በመጨረሻ።

ምሕረት ሳቀች። "አጎቴ፣ ማንኪያም አይሞላም።"

"ሰማህ? ለማንኪያ ነው ደጅህን ያፈረስከው!"

"ሰማሁ" አልኩ።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ምሕረት ልኬቷን በደብተር ይዛ፣ ሶላሩን ጠቅልላ፣ ማቆሚያውን ብረት ልትነቅል ጎንበስ አለች።

"ተዪው" አልኳት።

"ጨርሻለሁ እኮ አባ። ሣርህን ልመልስልህ።"

"ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪም ፀሐይ ይፈልጋል። ማንኪያዋን የሚሞላት እሱ ይሆናል።"

አንጁሎ ይህን ሰምቶ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ማለዳ መጣ፤ አልተቀመጠም፣ ሰላምታም አሳጠረ።

"ለተማሪዎቹ ንገርልኝ" አለ፤ "ከአንተ ደጅ ይልቅ የእኔ ደጅ ፀሐይ ያገኛል።"