«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ቀልድ የማይገባው ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። መቶ ሰው ሆዱን ይዞ ሲንከተከት፣ መሀል ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን የሚያርገበግብ አንድ ፍጡር አይጠፋም። ሳቁ ሲበርድ ይጠይቃል። እሱ ሲጠይቅ ቀልዱ ይሞታል።

የእኛ የማርሎ ፌሪ ሰዎች ድርሻ ክብርት ወይዘሪት አልሚዳ ስትራውድ ነበሩ። ባርኔጣ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ከጀልባ ማቆሚያው ከፍ ብሎ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ነው። በዚህ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ እሳቸው ላባ ያልሰኩበት የሴት ራስ የለም። መርፌያቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ይላሉ። ጥያቄው ሽሙጥ የለበትም፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን «የሚስቴ ምላስ ስለታም ስለሆነ ምላጭ መግዛት ትቻለሁ» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀ። በማግስቱ ወይዘሪት አልሚዳ ለቆሰለ አፍ የሚሆን ማር ይዘው ሚስትየዋ ቤት ተገኙ። ሴትዮዋ ነገሩን ከሰማች በኋላ ባልየው ለሳምንት ሱቁ ውስጥ አደረ። ፓስተራችንም በስብከታቸው መሀል «የዚህ ከተማ ሰው ገነት ቢገባ እንኳ የበሩን ቀለም ሳይተች አያልፍም» ብለው ምእመኑ ሲስቅ፣ ወይዘሪት አልሚዳ እጃቸውን አወጡ። «ፓስተር፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

እኔ ዊልበር ናይ እባላለሁ። በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ አስቂኝ ታሪክ ጽፌአለሁ። በአገራችን ሹምን ፊት ለፊት መዝለፍ ይቻላል፤ ችግሩ ማንም አያነብልህም። ስለዚህ እኛ ጸሐፊዎች ነገሩን በሳቅ ጠቅልለን እናጎርሳለን፤ መራራ መድኃኒት በማር እንደማለት ነው። አንባቢ ማሩን ልሶ መድኃኒቱን እንደሚተፋ ግን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የወረዳው የድሆች መጦሪያ አለ። በምርጫ የተሾሙት የበላዩ ክቡር ኮሎኔል ሉሺየስ ታርቦክስ ናቸው፤ በየትኛው ጦርነት ኮሎኔል እንደሆኑ ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ እንግዶች አስከትለው ይሄዳሉ። ያን ቀን ሽማግሎቹና አሮጊቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው የምስጋና መዝሙር ካልዘመሩ ምሳ አይቀርብም፤ ዝናብም ይሁን በረዶ። በየካቲት እማማ ሎቪና የሚባሉ አሮጊት እንደዚያው ቆመው ብርድ መታቸው፣ በሳምንቱም ሞቱ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አፉን የከፈተ ግን የለም። እኔም አልከፈትኩም፤ ጻፍኩ እንጂ።

«ተመስገን ወረዳ» የሚባል አገር ፈጠርኩ። እዚያ ሾርባ የሚሰፈረው በድምፅ ልክ ነው፤ ጮሆ ላመሰገነ ሁለት ጭልፋ፣ ላንሾካሾከ ግማሽ። ጉንፋን ድምፁን የዘጋበት አንድ ሽማግሌ ሾርባውን በዓይኑ እያየ ይሞታል። ሹማምንቱም መቃብሩ ላይ «ምስጋና ቢስ» ብለው ያስቀርጹበታል።

ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮክ ተብሎ ተነበበ። እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ ኮሎኔል ታርቦክስ ራሳቸው መንገድ ላይ አግኝተውኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና «የወንዝ ማዶውን ወረዳ ሰዎች ልክ ልካቸውን ነገርካቸው! አበጀህ!» አሉኝ። መመስገን ይሁን መሰደብ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ወይዘሪት አልሚዳ ጋዜጣውን አጣጥፈው ቢሮዬ ገቡ።

«አቶ ናይ፣ የሽማግሌው መቃብር የት ነው? ያ ጽሑፍ መነሳት አለበት።»

«ኧረ ወይዘሪት አልሚዳ፣ ሽማግሌው የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

«ፈጥረው ገደሏቸው?»

«ቀልድ ነዋ!»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ማለቴ... አግቦ ነው። አንዱን አገር ጠርቼ ሌላውን መንካቴ ነው።»

«የትኛውን?»

ተነስቼ በሩን ዘጋሁና በሹክሹክታ «የእኛን መጦሪያ» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን የእኛ መጦሪያ ብለው አልጻፉም?»

«ሰው እንዲስቅ ብዬ።»

«ሳቀ። ከዚያስ?»

ወይዘሪት አልሚዳ ጋዜጣውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና «ነገ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው» ብለው ወጡ።

ሐሙስ ተከትያቸው ሄድኩ። ላስቆማቸው ነው ወይስ የሚሆነውን ላይ? አሁንም አላውቅም። ካፊያው ቀዝቃዛ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሽማግሎችና አሮጊቶች በሰልፍ ቆመዋል፤ ኮሎኔሉና እንግዶቻቸው ከበረንዳው ጥላ ሥር ናቸው። ወይዘሪት አልሚዳ በጭቃው መሀል አቋርጠው ኮሎኔሉ ፊት ቆሙ።

«ኮሎኔል፣ ጋዜጣው ላይ ያለው አገር ይኸ ነው?»

ኮሎኔሉ በሳቅ ፈነዱ። «ምን ነካዎት ወይዘሪት! እሱ እኮ የማዶዎቹ ነው። ቀልድ ነው!»

«እዚያም ለሾርባ ይዘምራሉ፣ እዚህም ይዘምራሉ። እዚያ ሲሆን ነው የሚያስቀው?»

«አይ፣ የእነሱ በግድ ነው። የእኛ በፍቅር ነው።»

«ያልዘመረ ይበላል?»

«ሥርዓት አለው እንጂ፤ መጀመሪያ መዝሙር፣ ከዚያ...»

«ያልዘመረ ይበላል?»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወይዘሪት አልሚዳ የሚያሾፉ መስሎት፣ ፈገግ አለ። ወደ እሱ ዞሩ። «ምኑ ነው የሚያስቀው? እባክዎ ያስረዱኝ፤ እኔ ቶሎ አይገባኝም።» ሰውየው ጫማውን ማየት ጀመረ።

ኮሎኔል ታርቦክስ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ይወዳሉ፤ ማስረዳቱን ራሳቸው ያዙት። «ይኸውልዎ፣ የሚያስቀው ምንድን ነው፣ ሰዎቹ ርቧቸው ሳለ... አይደለም። ሹማምንቱ ምስጋናውን በግድ... ከዚያ ያ ሽማግሌ ብርድ ይመታውና...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ከፊታቸው ባለው ሰልፍ መሀል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር። እማማ ሎቪና ይቆሙበት የነበረው ነው፤ ግራና ቀኙ የነበሩት ጠጋ ብለው አልሞሉትም። ኮሎኔሉ አዩት። እንግዶቹም የኮሎኔሉን ዓይን ተከትለው አዩት።

አባባ ኢኖስ የሚባሉ፣ በወንዙ ላይ ጀልባ ሲነዱ ያረጁ ሰው፣ ከሰልፉ ወጡ። «እኔ ዛሬ አልዘምርም» አሉና እያነከሱ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄዱ። ምግብ አብሳይዋ እትዬ ኦዴል ጭልፋዋን እንደያዘች ኮሎኔሉን አየች። ኮሎኔሉ ገና ቀልዱን እየፈለጉት ነበር። እትዬ ኦዴል ቀዳች። የቀሩትም የባቄላው ሾርባ ሸተታቸውና አንድ በአንድ ገቡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መዝሙሩ ቀረ። መጦሪያው ገነት ሆነ አልልም፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ኮሎኔሉም በምርጫው እንደገና አሸንፈዋል። ግን ሰው ገብቶ ተቀምጦ ይበላል። እኔ ሃያ ዓመት ቀልጄ አንዲት ጭልፋ አላነቃነቅኩም። ቀልዱ የገባቸው ሁሉ ስቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ያልገባቸው አንዲት ሴት በጭቃ ሄደው ሾርባ አስቀዱ። ይህን ነገር ደጋግሜ አገላብጫለሁ፤ ባገላበጥኩት ቁጥር ይብስ ይጠፋብኛል።

በመመለሻችን ላይ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቀልዱ አልገባዎትም ነበር?»

«የትኛው ቀልድ?»

ፊታቸውን አጠናሁት። ምንም አልተጻፈበትም።

ግራ የገባው ሰው አፉ ልጓም የለውም። «እኔስ የሚያዋጣኝ እርስዎን ማግባት ነው፤ በምጽፈው የማይስቅ አንድ ሰው ቤቴ ይኑር!» አልኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

ወይዘሪት አልሚዳ ቆሙ። የጫማቸውን ጭቃ በሣሩ ላይ ጠረጉ፣ ዣንጥላቸውን አጠፉ፣ አሰቡ።

«ቅዳሜ አይመቸኝም፤ የፋሲካ ባርኔጣ አለብኝ። ሰኞ ይሁን። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮትህን አምጣልኝ፣ ቁልፉን ልትከልልህ።»

«ኮትህን» ነው ያለችኝ። «ኮትዎን» አይደለም።

ቀልዴን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያ ዓመት የምሬን የተናገርኩት ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ብቻ መሰለኝ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት?» አልኳት።