ሽማግሌዎቼን የወሰደ ሞተር

እኛ ሰፈር በአንድ ዕቃ ላይ አስተያየት ለመስጠት ዕቃውን ማየት ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ያየ ሰው ብዙም አይደመጥም፤ ያየውን ብቻ ነዋ የሚያወራው! ያላየ ግን ነፃ ነው። ሰሞኑን አንድ የውጭ ኩባንያ አዲስ ሞተር ላወጣ ነው ብሎ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። በማግስቱ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ሞተሩን ያልነዳ ሰው ጠፋ። አንዱ ፍሬኑ ይነክሳል ይላል፤ ሌላው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ይሸሻል ብሎ ይምላል። የት ነው የነዳኸው? ስልክ ላይ!

እኔ አየር ጤና፣ ጋራዥ ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ ከሞተር ጋር ግን እስካሁን አለን። ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ። የእሽቅድድም ፍጥነትና የረጅም መንገድ ምቾት አንድ ላይ ይዟል ነው የሚሉት። እሺ፣ መልኩ ያምራል፤ አልክድም። አፍንጫው ሹል ነው፣ ግራና ቀኙ ሻንጣ አለው፣ መጨበጫው በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ሐምሌ ላይ ጃኬቴ ውስጥ ካርቶን ከትቼ የምነዳው እኔ ይሄን ስሰማ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ከፊቱ ካለው መኪና ርቀቱን በራሱ የሚጠብቅ ራዳር አለው! በየትኛው መንገድ ላይ? ኮልፌ ውስጥ ከፊትህ ቦታ ከተውክ ያ ቦታ የሚኒባስ ነው። አንዱ ሲገባ ራዳሩ ወደኋላ ይላል፤ ሌላው ይገባል፣ አሁንም ወደኋላ ይላል። ከአየር ጤና ቤቴል እሄዳለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ወደኋላ ሲል ሲል ጦር ኃይሎች ይደርሳል።

ለነገሩ የራዳሩ ነገር ይቅርታ ይደረግለት። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ይሄ ገና ገበያ ያልወጣ ብረት ትዳሬን ይዞብኛል!

ሰላም የምትባል የቤቴል ልጅ አለች። ሦስት ዓመት ስንዋደድ ቆይተን ባለፈው እሁድ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ለማ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሞተር ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ የሞተር ሰው ከሞተር ሰው ይግባባል ስል የጋራዣችንን ባለቤት ጋሽ በቀለን የሽማግሌዎቹ መሪ አደረግኋቸው። ሁለት የእድር ሰዎችም ጨመርኩላቸው። በገዛ እጄ!

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። የእኔዎቹ ገቡ። ጋሽ በቀለ ግድግዳው ላይ ጋሽ ለማ በወጣትነታቸው ሞተር ላይ ሆነው የተነሱትን ፎቶ አዩ። አለቀ። "ጋሽ ለማ፣ አዲሱን አይተውታል?" ብለው ስልካቸውን መዠረጥ።

እኔ ውጭ አጥሩን ተደግፌ ነበር። ሰላም ከጓዳ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደወለች። ሽማግሌዎችህ ተቀምጠዋል አለችኝ። ተመስገን አልኳት። ምን ተመስገን አለው፣ ስለ እኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ነው የተቀመጡት፤ አባዬ መነጽሩን አስመጥቷል አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማ ደወለች፤ ጥብስ ቀርቦላቸው እየበሉ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ድምፅዋ ተለውጧል። አባዬ ወንበር ገልብጦ እንደ ሞተር ተፈናጥጦበታል፣ ጋሽ በቀለ ደግሞ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በስንዝር እየለኩ ነው። "ስማ፣ አንተ ሽማግሌ የላክኸው እኔን ልታገባ ነው ወይስ ሞተሩን?" አለችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

በመጨረሻ ራሷ ሰሃን ላንሳ ብላ ገባችና፣ "ጋሽ በቀለ፣ የመጡበትን ጉዳይ አልረሱትም አይደል?" አለቻቸው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ዘለው ቆሙ፤ ጋሽ በቀለ ቅባት በነካው እጃቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ብለን ነበር አሉ። ጋሽ ለማም ከወንበር ሞተራቸው ወረዱና እንደ ደንቡ ዘመድ ላማክር፣ ቀን ቆርጠን እንገናኝ አሉ።

ጋሽ በቀለ የቆረጡትን ቀን ስሙልኝ። ኩባንያው የሞተሩን ዋጋ በቅርቡ እነግራለሁ ብሏል፤ ዋጋው የተነገረ ዕለት እንገናኝና ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ቀን እንቋጨው አሉ። ጋሽ ለማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጡ። ሽማግሌ የተጨባበጠበትን ቀጠሮ ማን ያጥፈዋል?

ሲወጡ ሮጬ ተቀበልኳቸው። ጋሽ በቀለ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ ሰውየው ዕውቀት አላቸው አሉኝ። ስለ እኔስ ምን አሉ? ብላቸው ትንሽ አሰቡና "ስለ አንተ እንኳ ብዙም አልተነሳም" አሉ።

ይሄው ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የኩባንያውን ገጽ እከፍታለሁ። ዋጋ፦ በቅርቡ ይገለጻል። ይሄ በቅርቡ የሚሉት ቀን የስንት ወር ነው? ትናንት ብሶብኝ፣ በስልኬ እያስተረጎምኩ ጻፍኩላቸው። እናንተ ሰዎች፣ ሞተራችሁን አልፈልገውም፣ ዋጋውን ብቻ ተናገሩና ልጋባበት አልኩ። ወዲያው መልስ መጣ። ስላሳዩን ፍቅር እናመሰግናለን፣ ስምዎን ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ጋር አስገብተናል ይላል። ልብ የሌላቸው ሰዎች፣ ጫፉ ላይ ቀይ ልብ ለጥፈውበታል!

በንዴት ለሰላም ላክሁላት። እሷም በንዴት ለአባቷ አሳየቻቸው። ጋሽ ለማ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት አሉ። ከዚያም ስለ እኔ የመጀመሪያ አስተያየታቸውን ሰጡ።

"ይሄ ልጅ ቁም ነገረኛ ነው" አሉ፤ "ተመዝግቧል።"