የጠየቅኩህ አንተን ነው

እኛ የጎጃም ሰዎች ሃይማኖታችንን አንደብቅም። ማተባችን ከአንገታችን አይወርድም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስናልፍ አውቶቡስ ውስጥም እንሁን ባጃጅ ላይ ማማተባችን አይቀርም፤ በጾም ቀን የደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት ሁሉ ሽሮ በሽሮ ይሆናል። ይህን ሁሉ በኩራት ነው የምናደርገው፤ እኔም ኩራቴን አልሸሽግም። ግን እስቲ አንድ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ «ለምንድን ነው የምታምነው?» ይበላችሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ሲያወራ ምሳ ሰዓት የሚያልፍበት ሰውዬ ድንገት ቃል ያጥረዋል። «እሱን እንኳ የሚያውቁት ቄሶቹ ናቸው» ይላል። ከዚያ ጨዋታ ይቀይራል።

ለምን ይመስላችኋል? አንዳንዱ ሰባኪ ነው እንዳይባል ይፈራል። አንዳንዱ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ እንዳይወልድበት ይሰጋል። ዋናው ፍርሃት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ አፉን ከከፈተ «አንተስ እንደምትለው ትኖራለህ?» መባል ይመጣል። ሚስቱ አጠገቡ ካለች ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

የእኔን ልንገራችሁ። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዘሪሁን የሚባል ወጣት የሂሳብ መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣና ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራየ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ እኔ እንኳ ሃይማኖት የለኝም» አለኝ፤ ወተት አይስማማኝም እንደሚል እንግዳ፣ በትሕትና። «ምን ችግር አለው» አልኩት። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል አብረን በላን፣ አብረን ሳቅን፤ ያን ወሬ ግን አንድም ቀን አላነሳሁበትም። ማክበሬ ነበር። እንደዚያ ነበር የምለው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እናቱ አረፉ። አዲስ አበባ ቀብሯቸው ሲመለስ የሰፈራችን ሰው ግቢውን ሞላው። እናትየውን በዓይኑ ያየ አንድ እንኳ የለም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው መጡ፤ ባለቤቴ ጥሩዬ የገዛ እናቷ የሞተችባት ያህል ጉድ ጉድ አለች። ዘሪሁን መሐላቸው ሆኖ ፊታቸውን በየተራ ያያል። በሰፈሬ የዚያን ዕለት ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ለቀስተኛው ሲበተን ትንሽ አየር እንዲያገኝ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ከከተማው ጫፍ፣ የጤፍ ማሳ ዳር ስንደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ እናቴ በየማለዳው ስሜን እየጠራች ትጸልይልኝ ነበር። አሁን የት ናት?»

«የንስሐ አባቴን ላገናኝህ፤ እሳቸው በደንብ ያስረዱሃል።»

«የጠየቅኩህ አንተን ነው» አለኝ።

ዙሪያውን ባይ የሚያስጥለኝ ሰው የለም። የሚቀየር ጨዋታም የለም። ስለዚህ ያለችኝን አንዲት ነገር ነገርኩት። እኔና ጥሩዬ ከልጆቻችን ሁሉ በፊት አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ክርስትና ከተነሣች ብዙም ሳትቆይ ሞተችብን። ያን ሰሞን መጸለይ አቅቶኝ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ግድግዳ ተደግፌ ዝም ብዬ እቆም ነበር። ሰው ሁሉ «አቤቱ ማረን» ሲል የእኔ አፍ አይከፈትም፤ የእነሱ ድምፅ ግን ደግፎ ያቆመኝ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ልጄ ክርስቶስ ዘንድ ናት የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልፎ ልቤ ገባ።

«እናትህም እሱ ዘንድ ናቸው ብዬ አምናለሁ» አልኩት። «በምን አወቅህ ብትለኝ፣ እስከ ዛሬ የቆምኩት ይህን ይዤ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ከሸመደድኩት ጥቅስ አንዱም አልመጣልኝም። ዘሪሁን ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይህን ይዘህ ነው ሁለት ዓመት ዝም ያልከኝ? የአገሩ ሰው ብቻ የሚካፈለው ነገር መስሎኝ ነበር።»

ማክበር ያልኩት እሱ ዘንድ ሲደርስ ንፍገት ሆኖ ኖሯል።

አርባቸው ሲቃረብ «የእናቴን ስም እዚህ ማስጠራት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። በዕለቱ በማለዳ አብረን ሄድን። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁት «ወለተ ሥላሴ» አለ፤ ያውም ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ መምህር ጮክ ብሎ። ደጀ ሰላሙ ላይ የነበረው ሰው ዞሮ አየው። እኔ አጠገቡ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ትሕትና የሚለመድበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን አልሆነልኝም።

ቤት ስገባ ጥሩዬ «ታዲያ አመነ?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«አልጠየቅከውም?»

«እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል?»

ወደ በሩ ሄዳ «ዘሪሁን፣ ና ቁርስ ቅመስ» ብላ ተጣራች፤ ገብቶ ሳይረጋጋ ራሷ ጠየቀችው። እሱም አልደነገጠም።

«ገና ነኝ፣ እትዬ» አላት። «ግን ጋሼ የጀመረልኝን ቢጨርስልኝ ደስ ይለኛል።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስቴም አጠገቤ ናት። እጄን ታጠብኩና ካቆምኩበት መናገር ጀመርኩ።