የገዛ ቤታቸው ባለጉዳይ

ለመንግሥት ቤት ያከራየ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዲት አውቃለሁ። ጎረቤቴ እማማ ጥሩዬ እንጅባራ ያለውን ቤታቸውን ለአንድ መሥሪያ ቤት አከራይተው ጓሮ ካለችው ክፍል ገቡ። ክረምት ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ቢጀምር "ላስጠግንላችሁ" ብለው ሄዱ።

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ" አለቻቸው ጸሐፊዋ።

"የት ነው ስብሰባው?"

"ውስጠኛው ክፍል።"

"መኝታ ቤቴ ነው እኮ፣ ልጄ።"

ከሳምንታት ምልልስ በኋላ ኃላፊው "የቤቱ ባለቤት መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጡ" አላቸው። እማማ ተናደው ራሳቸው አናጺ ጠርተው ቆርቆሮውን አስመቱ። በማግስቱ፣ ያለፈቃድ ጣሪያ ስላስነኩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አትሳቁ እንጂ፣ "ለቤቱ ባለቤት" ይላል።

እማማ ወረቀቱን ይዘው ኃላፊው ዘንድ ገቡ።

"ይኸው፣ ያሉኝን ደብዳቤ አምጥቻለሁ።"