ተመልሰው ይምጡ

ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ ምክር ይፈልጋል ይባላል። እኔን እስካሁን የገጠመኝ ግን ምክር የሚፈልግ ሳይሆን ምክሬ እስኪያልቅ የሚታገስ ነጋዴ ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ማርኬቲንግ አስተምራለሁና በመንገድ ሳልፍ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። የከተማችንን ታፔላዎች አይታችኋል? ጋፋት ላይ መድፍ ተሠርቷል ተብሎ መድፍ ያልተሳለበት የለም። ሥጋ ቤቱ መድፍ፣ ልብስ ሰፊው መድፍ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር መድፍ። ጥርሱን አሞት እንቅልፍ ያጣ ሰው መድፍ እያየ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው? ይህንኑ ብነግረው ታሪክ የናቅሁ መስሎት እስከ ዛሬ በቅጡ ሰላም አይለኝም።

ትርንጎ ግን ትሰማ ነበር። የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቬሎዎች ገዝታ ተመለሰችና ከገበያው በላይ የሙሽራ ልብስ ማከራያ ከፈተች። እኔም ሳልጠራ ገባሁ። ታፔላሽን በባጃጅ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ሳያዞር ያንብበው አልኳት። ቀለም አታብዢ፣ ሁለት ይበቃል። ከስምሽ በፊት የምታከራዪውን ጻፊ። መስኮቱ ላይ አንድ ቬሎ ብቻ ስቀዪ፣ ሁሉን ውጭ ካሳየሻቸው ለምን ብለው ይገባሉ? ሁሉንም አደረገችው። የመጨረሻው ምክሬ ደንበኛ ሲወጣ የሚያነበው፣ ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል የሚሰቀል «ተመልሰው ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ይሄኔ ሳቀች። ሙሽራ ተመልሳ ከመጣች ምን ልትባል ነው አለችኝ። ሚዜ አለች፣ እህት አለች ብዬ ተከራከርኩና ራሴ አስጽፌ ራሴ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ በገባሁ ቁጥር ቀና ብዬ ሳላየው አልወጣም ነበር።

ገና ሰሞን ታናሽ ወንድሟ ሞተ። አንበሳሜ ገበያ ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተኩስ መሃል ገብቶ ነው። ማን ተኮሰ፣ ማን ላይ ተኮሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቁ ሰልችቶናል። ትርንጎ ከል ለበሰች። ከለቅሶው እንደተመለሰች ሱቋን ከፈተች፤ ጥር የሰርግ ወር ነዋ።

እስቲ አስቡት። ቤቱ ነጭ በነጭ፣ መሃሉ ላይ ከራስ እስከ እግሯ የጠቆረች ባለቤት። የሙሽራ እናቶች በሩ ላይ ይደርሱና ያማትባሉ። እግዜር ያጽናሽ ይሏታል፣ ከልባቸው ያዝኑላታል፣ ከዚያም የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ለልጁ መልካም ገድ የማይመኝ ማን አለ? የሱቁ ኪራይ ደግሞ ሐዘን አያውቅም። ሱቁ ሊዘጋባት ሲሆን ከማስተምርበት መጽሐፌ አንድ የምወደውን ሕግ ይዤላት ሄድኩ፤ ሻጭ የሚሸጠውን መምሰል አለበት። እዚህ ስትውዪ ብቻ ነጭ ልበሺ፣ ስትዘጊ ከልሽን መልሰሽ ትለብሻለሽ አልኳት።

«መምህር፣ ለሙሽራ ብዬ ወንድሜን ላውልቀው?»

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የሰርጉ ወር ባዶውን አለፈ። አንድ ቀን ግን አንዲት ሐዘንተኛ ሴት በሩ ላይ ቆማ ይህን የመሰለ ከል ማን ሰፋልሽ ብላ ጠየቀቻት። ራሷ ነበረች የሰፋችው፣ ቬሎ በምታስተካክልበት የስፌት መኪና። ለሴትዮዋም ሰፋችላት። ሴትዮዋ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷ ለእህቷ። የመስኮቱ ቬሎ ወደ ኋላ ሄዶ ጥቁሩ ወደ ፊት መጣ። በሰኔ ሳልፍ ወረፋ አየሁ።

አያችሁ፣ ሻጯ የምትሸጠውን መሰለች። ዕድሜ ልኬን ካስተማርኩት አንዱ ሕግ ሲሠራ በዓይኔ አየሁና እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ገባሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደተሰለፈ ሳስብ ደስታው ከየት ይምጣ? ትርንጎ ገብቷታል። ገበያዬ ይቀዝቅዝልኝ ብሎ ለታቦት የተሳለ ነጋዴ አይተው ያውቃሉ ወይ አለችኝ። እሷ ተስላለች።

ባለፈው ሳምንት እኔም ተሰለፍኩ። የእህቴ ልጅ ሚኒባስ ነጂ ነበር። ከባሕር ዳር ሲመጣ መንገድ ላይ ቀረ። በሚመጣው ጥር ልንድረው ነበርና ልብሱን ከአንቺ ነው የምንወስደው ብዬ ለትርንጎ ቃል ገብቼላት ነበር። ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ። ልብሱ ግን ለሙሽራይቱ ሳይሆን ለእናቱ ሆነ።

ትርንጎ የእህቴን ቁመት ብቻ ጠየቀችኝ። እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። ከሉን ጠቅልላ ስትሰጠኝ እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ከበሩ በላይ ጽሑፌን ፈለግሁ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሰው ከሉን ታቅፎ እያነበበው ሲወጣ ማየት ስላልቻለች አውርዳዋለች።

እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

«መምህር፣ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት አይመልስዎ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ማርኬቲንግ ሳስተምር ደንበኛ እንዲህ ባለ መልካም ቃል ሲሸኝ ሰምቼ አላውቅም። አሜን አልኳት።